ከስልክ ሱቁ ጀርባ

አባዬ «ጠግቤያለሁ» ማለት የጀመረው እማዬ ካረፈች በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላለውም። የለቅሶው ሰሞን ቤቱ በምግብ ተሞልቶ ነበር፤ የዕድሩ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች፣ ጎረቤቶች በየተራ ድስት ይዘው ይመጣሉ። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ድስቱም ሰዉም እየቀነሰ ሄደ። እኔ ማታ ከሥራ ስመለስ እሱ ጋ እደርስና የሠራሁትን ወጥ አቀርብለታለሁ። ሁለት ጊዜ ይጎርስና እጁን ይታጠባል። «ምነው አባዬ፣ አልጣፈጠህም?» ስለው «ኧረ ቆንጆ ነው፤ ጠግቤ ነው» ይላል። እውነቱን እንዳልነገረኝ አውቃለሁ። ወጤን እኔም ቀምሼዋለሁ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆመውና 9 ኪሎ እንደቀነሰ ነገረን። ሁሉንም ዓይነት ምርመራ አድርጎለት ምንም አላገኘበትም። ወደ በሩ ስንሄድ ወደ እኔ ዞር ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «በዚህ ከቀጠለ ክረምቱን አይችለውም፤ የሚወደውን ነገር ፈልጊና አብይው» አለኝ። አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ለ26 ዓመታት ቢጫ ታክሲ ነድቷል። የሚወደው ምግብ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። የሚወደው የእማዬን ምግብ ነው ብለን ሁላችንም ዘግተነዋል። እሷ ደግሞ የለችም።

ምናልባት ቤት ውስጥ የእማዬን ባዶ ወንበር እያየ አልበላ ብሎት ይሆናል፤ ከቤት ወጣ ብንል ይሻለው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስልኬን ከፍቼ ብዙ ኮከብ ያለውን ምግብ ቤት መረጥኩ። ማንሃታን ውስጥ ነው። 50 ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ሙዚቃው ስለሚጮህ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። በመጨረሻ አስተናጋጁ ትልቅ ሥጋ ይዞ ሲመጣ አባዬ ሥጋውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለኝ።

ዓርብ ነበር። አባዬ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጨርሶ ረሳሁት። እሱ ውሃውን ጠጣ፤ እኔ ሥጋውን አስጠቅልዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ታክሲ ስነዳ የሰው ሰልፍ ያለበት ቤት ገብቼ አላውቅም። የታክሲ ሰልፍ ያለበት ቤት ነበር የምፈልገው።»

ይህ ነገር አስገረመኝ። እማዬ በየቀኑ ምሳ ዕቃውን ሞልታ ትሰጠው ነበር። ውጭ የሚበላ አይመስለኝም ነበር።

ከዓመታት በፊት ስለ አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጠኛ አንብቤ ነበር። ጆናታን ጎልድ ይባላል። ወጣት ሳለ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ፒኮ በሚባለው ረጅም ጎዳና ላይ ያለውን ምግብ ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ልብላበት ብሎ ተነሣ። ትልቅ ትንሽ፣ ታዋቂ ያልታወቀ ሳይል ነበር የሚሄደው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ስለ ምግብ ቤቶች በመጻፍ የፑሊትዘር ሽልማትን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኔ ሽልማት አልፈለግሁም። ሐሳቡን ግን ወሰድኩት። አንድ ሰፈር እንመርጥና በየቅዳሜው በእግራችን እየሄድን ትንንሾቹን ቤቶች እንሞክራለን አልኩ። አባዬ በመብላቱ አልተስማማም። በእግር በመሄዱ ግን ተስማማ። ሐኪሙ ስላዘዘው ነው።

የመረጥነው ሰፈር ጃክሰን ሃይትስ ነው። ኩዊንስ ውስጥ ነው፤ ከአባዬ ቤትም ሩቅ አይደለም። ሄዳችሁበት የማታውቁ ከሆነ እንዲህ ነው፦ ከራሳችሁ በላይ፣ በብረት ድልድይ ላይ፣ 7 ቁጥር ባቡር ያልፋል። ይህ ባቡር እዚያ ሰፈር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ሲያልፍ ዛሬም ወሬ ያቋርጣል። ሰው ዝም ይላል፣ ባቡሩ ያልፋል፣ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል። ከባቡሩ በታች ሩዝቬልት አቬኑ ነው። 74ኛው መንገድ ላይ የሕንድ ወርቅ ቤቶችና የሳሪ ሱቆች ተደርድረዋል። 73ኛው ላይ ባንግላዴሾች ይበዛሉ። ወደ 80ኛው ስትጠጉ ቋንቋው ስፓኒሽ ይሆናል፤ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮ። በመካከላቸው ደግሞ የኔፓልና የቲቤት ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ ላይ ትንንሾቹን ቤቶች ማግኘት ከበደኝ። ዋናው መንገድ ላይ የሚታዩት ትልልቅ ምልክት ያላቸው ናቸው። ቀስ እያልኩ ግን ምክንያቱ ገባኝ። ዋናው መንገድ ላይ ኪራይ ውድ ነው። አዲስ የመጣ ሰው አንድ ሙሉ ሱቅ ለብቻው መከራየት አይችልም። ስለዚህ አንዱ ሱቅ ሦስት ይሆናል። ፊት ለፊት ስልክ ይሸጣል፣ መሃል ላይ ገንዘብ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ ጀርባ ላይ ድስት ይፈላል። ጀርባ ያለው ሰው ምልክት የሚሰቅልበት ቦታ የለውም። የሚያውቁት ብቻ ይመጣሉ።

ይህን ለአባዬ ስነግረው «ታዲያ አዲስ አበባስ እንዲሁ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በአማርኛ የሚበላበትን ቦታ ሁሉ «ቤት» እንለዋለን፤ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጠጅ ቤት። ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት ካለች ደግሞ በስሟ «እከሊት ቤት» ይባላል። ምልክት የለውም፤ የሰፈሩን ልጅ ብትጠይቁት ይወስዳችኋል።

የሰፈር ልጅ ስለሌለን በሱቅ ውስጥ የሚሠሩትን መጠየቅ ጀመርኩ። አንድ ነገር ተማርኩ። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ለእንግዳ የሚሆነውን፣ ጨርቅ የተነጠፈበትን ቤት ያሳዩአችኋል። «አንተ ዛሬ ምሳ የት በላህ?» ስትሉት ግን ሰውየው ትንሽ ይስቅና እውነተኛውን ቦታ ይነግራችኋል። አንዱ የወርቅ ሻጭ በጣቱ ወደ ምድር ቤት አመለከተን። ሌላዋ ፎቅ ላይ ላከችን፤ ደረጃው ጨለማ ስለነበር አባዬ እጄን ያዘ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእሱን እጅ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ላይ ብዙም አልተሳካልንም። አንድ የኮሎምቢያ ቤት አሬፓ በላን። አሬፓ ከበቆሎ ዱቄት የሚጋገር ወፍራም ነገር ነው፤ ላዩ ላይ አይብ ይደረግበታል። አባዬ ቀምሶ «ቂጣ ነው» አለና ግማሹን በላ። ግማሽ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጋሪ ላይ የሚሸጥ ታማሌ የሚባልም አለ፤ ሊጡ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲያዩት በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ያስታውሳል። ሊጡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ እንደሚገባበት ስንሰማ ግን አለፍነው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ያገኘነውን ቤት ፍለጋ ሄደን አጣነው። ድስቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሻንጣ ይሸጣል። አባዬ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሻንጣዎቹን ተመለከተ። ያን ቀን ምንም አልበላም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ቅዳሜውን እንተወው ብዬ ነበር፤ አባዬ ግን ጫማውን አድርጎ ጠበቀኝ። 37ኛው አቬኑ አካባቢ ባንግላዴሾች ፉችካ የሚሸጡባቸው ጋሪዎች አሉ። ፉችካ በዘይት ተጠብሶ እንደ ኳስ የተነፋ ትንሽ ቂጣ ነው። አናቱን በጣት ይሰብሩና ውስጡን በአተርና በድንች ይሞሉታል፤ ከኮምጣጣ ውሃ ጋር ይቀርባል። ላዩ ላይ እንቁላል ፈቅፍቀው ይነሰንሱበታል። እኔ ስለ እንቁላሉ በእንግሊዝኛ ላስረዳ አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ።

«ባይ» አለው ሻጩን፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ቃል በማላውቀው ቋንቋ ጨመረ። ሰውየው ሳቀ። እንቁላሉን ወደ ጎን አደረገና ሰባት ፉችካ ሰጠው።

ክው ብዬ ቀረሁ። «አባዬ! ምን አልከው?»

«ባይ ማለት ወንድም ማለት ነው። እንቁላል እንዳታደርግ አልኩት።»

«ማን አስተማረህ?»

ፉችካውን እየበላ ነገረኝ። ሌሊት ሲሠራ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ ሹፌሮቹ አንድ ቦታ ላይ ታክሲያቸውን ደርድረው ያርፉ ነበር። የፓኪስታን ሰው አለ፣ የባንግላዴሽ አለ፣ የሄይቲ አለ፣ የቲቤት አለ። ሁሉም ምሳ ዕቃቸውን የመኪናው አፍንጫ ላይ ከፍተው ይቀያየራሉ። «የእናትሽን ሽሮ የማያውቅ ሹፌር አልነበረም» አለኝ። «ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ራሳቸው ይጠይቁኝ ነበር፤ ዛሬ የሽሮ ቀን ነው አይደል ይሉኛል። እኔ ደግሞ የእነሱን እበላለሁ።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲመለስላት ደስ ይላታል።»

ሰባቱንም ፉችካ ጨረሰ። ሦስቱ የእኔ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ዓመት አባቴ ምን እንደሚበላ እንኳ ጠይቄው እንደማላውቅ የገባኝ እዚያ ጋሪ አጠገብ ቆሜ ነው። በማግስቱ እሑድ ደግሞ ደወልኩለት፤ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። የሄይቲው ሰውዬ ምን ያመጣ እንደነበር ጠየቅሁት። ሩዝ በጥቁር እንጉዳይ አለኝ። ለ20 ደቂቃ ስለ ሩዝ አወራን።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው የስልክ ሱቁን ያገኘነው። የላከን በ74ኛው መንገድ ላይ ሻንጣ የሚጠግን ልጅ ነው። «በስልክ ሱቁ ውስጥ ግቡ፤ አትፍሩ፣ ዝም ብላችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ» አለን። ገባን። ግራና ቀኝ የስልክ ሽፋን፣ ሲም ካርድ፣ ቻርጀር ተሰቅሏል። ሻጩ ቀና ብሎ አየንና በአገጩ ወደ ኋላ አመለከተን፤ ምን ፈልገን እንደመጣን መጠየቅ አላስፈለገውም። በጠባቡ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃውን ስንገልጠው እንፋሎት ፊታችንን መታን። አምስት ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳው ላይ የዳላይ ላማ ፎቶግራፍ፣ አንዲት ሴትዮ ሊጥ እየዳመጠች።

ሞሞ አዘዝን። ሞሞ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ ነው፤ ያልተጠበሰ ሳንቡሳ በሉት። አጠገቡ አዋዜ የሚመስል ቀይ ነገር ይቀርባል። ለእኔ ጣፈጠኝ። አባዬ ሁለት በላና እጁን ሰበሰበ። «ጠግቤያለሁ» ሊል እንደሆነ አውቄ ዓይኔን ከሳህኑ ላይ አላነሣሁም። ግን ምንም አላለም። ቀና ስል ከአጠገባችን ያለውን ጠረጴዛ እያየ ነው።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በኋላ እንደተረዳነው የሴትዮዋ አባት ናቸው። ከፊታቸው የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ውስጡ ቡናማ ዱቄት። ከቴርሞስ ሻይ ቀዱበትና በጣቶቻቸው ያሹት ጀመር። ከዚያ በመዳፋቸው ጨበጥ አድርገው አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

«በሶ!» አለ አባዬ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ።

በሶን የማታውቁ ካላችሁ፣ የተቆላና የተፈጨ ገብስ ነው። ፊደል የቆጠርን ሁሉ በሶ የሚበላውን አበበን እናውቀዋለን፤ እኔ አሜሪካ ያደግሁት ልጅ ግን ለዓመታት የአበበን ስም ስጠራ ኖሬ በሶን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። የቲቤት ሰዎች «ጻምፓ» ይሉታል። ነገሩ አንድ ነው፤ ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከእርጥብ ነገር ጋር ይታሻል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ገብስ ብርድን ይችላል። የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አባዬ የተወለደው ደግሞ ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ እዚያም ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ቦታ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። ሌላው እህል እንቢ ሲል ገብስ ይበቅላል። ተቆልቶ ስለተፈጨ ደግሞ እሳት አያስፈልገውም፤ መንገደኛ የትም ሆኖ ይበላዋል።

ሽማግሌው አባዬ ሲያያቸው አዩት። ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን ገፋ አደረጉለት።

አባዬ ተነሥቶ እጁን ታጥቦ መጣ። ወንበሩን ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ወሰደው። ሻዩን ሲቀዱለት ሽታው እኔ ጋ ደረሰ፤ ሻይ በቅቤና በጨው ነው። እኔ ፊቴን አጨማደድኩ፤ አባዬ ግን ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «አያትሽ ቡናውን እንዲህ ነበር የምታፈላው፤ በጨውና በቅቤ» አለኝ። ከዚያ ዱቄቱን በሦስት ጣቱ ማሸት ጀመረ። እጁ አልረሳውም። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ አሸው፤ በመጨረሻ በመዳፉ ጨበጠውና የአራት ጣቶቹ ምልክት ያለበት ነገር ሠራ።

«ይህ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ጭብጦ። ጨበጠ ከሚለው ነው። ትምህርት ቤት ስንሄድ እናቴ ሁለት ጭብጦ በጨርቅ ቋጥራ ትሰጠኝ ነበር። ሁለት ሰዓት በእግር ነው። አንዱን መንገድ ላይ እበላዋለሁ፤ ሌላውን ለመመለሻ አስቀምጠዋለሁ። አንድም ቀን ግን ለመመለሻ ተርፎኝ አያውቅም።»

የሠራውን በላ። ሌላ ሠራና በላ። ሦስተኛውን ለእኔ አጎረሰኝ። ገብሱ የተቆላ ቡና ዓይነት ሽታ አለው፤ ቅቤው ይከብዳል፤ ጨው አለው። ወደድኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል። አፌ ሙሉ ስለነበረ ግን ምንም ማለት አልቻልኩም፤ ደግሞም ለመናገር ብሞክር አለቅስ ነበር። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይችሉም፤ አባዬም የእሳቸውን ቋንቋ አይችልም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሽማግሌው ሳቁና ልጃቸውን ጠሩ። እሷም ሌላ ዱቄት ይዛ መጣች። ምግቡ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የለም። ልክፈል ብላት እንቢ አለችኝ፤ የሞሞውን ብቻ ተቀበለች።

ወደ ባቡሩ ስንሄድ አባዬ በገዛ እግሩ ቀድሞኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልወስደው ስመጣ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዞ በር ላይ ቆሟል። አክስቴ ከአገር ቤት የላከችው በሶ ነው፤ ለካ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። በትንሽ ብልቃጥ ደግሞ የእማዬን የመጨረሻ የነጠረ ቅቤ ይዟል። እማዬ ከማረፏ በፊት ያነጠረችው ነው፤ ከፍሪጅ ውስጥ ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። «እሱን ትከፍተዋለህ?» አልኩት። «ቅቤ ለመበላት ነው የሚነጠረው» አለኝና ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

በስልክ ሱቁ ውስጥ አለፍን። ሻጩ በዚህኛው ቀን ቀና ብሎም አላየን። ሽማግሌው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አባዬ በሶውን አሸ፣ የእማዬን ቅቤ ጨመረበት፣ ትንሽ በርበሬ ነሰነሰበት፣ ጨበጠውና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው አላመጡት። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጃቸው ሊጧን ትታ ሳቀች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው፣ ግን ቅቤ አንሶታል ይላል።»

ለአባዬ በአማርኛ ነገርኩት። ብልቃጡን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አድርጎ ምን ያህል እንደቀረ አየ። ከዚያ ከፈተውና ጨመረላቸው።